የጉንደ ወይን አራት ደቂቃ

ሐምዱን የጠላሁት በአራት ደቂቃ ታጥቦ የተመለሰ ዕለት ነው። ቀኑንም አልረሳሁት፤ ኅዳር አሥራ ሰባት፣ ቀትር ላይ፣ ጉንደ ወይን። ከብቸና ወደ ሞጣ ስንመለስ ሚኒባሱ ለምሳ ቆመ። ሐምዱ ቦርሳውን ጉልበቴ ላይ አስቀምጦ፣ ለሶላት ሊታጠብ ወደ ምግብ ቤቱ ጓሮ ዞረ። እኔም ዳዊቴን አውጥቼ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ሐምዱ ሲታጠብ ከአርባ ደቂቃ በታች ፈጅቶ አያውቅም፤ በዚሁ ሰበብ ሁለት ጊዜ መኪና አምልጦናል። አንዱን መዝሙር ሳልጨርስ ፊቱ ውኃ እያንጠባጠበ መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

«ጨረስኩ፣ አባ» አለኝ። ራሱም ያመነ አይመስልም። «አንድ ጊዜ ታጠብኩና በቃኝ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት። በሆዴ የነበረውን ተናግሬው ቢሆን ኖሮ ሐምዱ እስከ ሞጣ ከጎኔ አይቀመጥም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። አካለ ወልድ እባላለሁ። ቄስ ነኝ፤ ከሞጣ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ኪዳነ ምሕረት ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። ከዚህ ውስጥ አሥራ አራቱን ዓመት በጤና አልነበርኩም። ከቅዳሴ በፊት እጄን እታጠባለሁ፤ ታጥቤ ሳበቃ «በደንብ ታጥበሃል?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል፤ እደግማለሁ። ጸሎት ስደርስ «አንዲት ቃል ዘለልክ» ይለኛል፤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ይመጣል፤ ከቅዱሱ ኅብስት ፍርፋሪ ወድቆ የሰው እግር ረግጦት ቢሆንስ? ያን ጊዜ በጉልበቴ ተንበርክኬ ወለሉን በጣቴ እየዳሰስኩ እፈልጋለሁ። እንዳልወደቀ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ምንም አይጠቅመኝም፤ በሽታው እንዲህ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት በፍልሰታ ሕዝቡን እስከ ማታ ድረስ አቆምኩት። ሕፃናት አለቀሱ፤ አንዲት እርጉዝ ሴት ወደቀች። በሳምንቱ የደብሩ አለቃ መሪጌታ የኔሰው አስጠሩኝ።

«አባ አካለ፣ ሰው በአንተ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን መምጣት ፈራ» አሉኝ። «እስክትድን ድረስ ከሰሞንህ ውጣ።»

ሰሞን ማለት ለእኛ ለካህናቱ በየሳምንቱ የሚደርሰን የአገልግሎት ተራ ነው። ከሰሞኑ የወጣ ቄስ ያው ጥምጥም ያለው ምእመን ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ በር ላይ ቆሞ መስቀል ማሳለም ሆነ። በዚህ ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ አለቃ የመጨረሻውን ነገሩኝ፤ ለየካቲት አሥራ ስድስት ንግሥ ድኜ ከተገኘሁ ዋናው ቀዳሽ እኔ እሆናለሁ፤ ካልሆነ ተራዬ ለወጣቱ ለቄስ ፋንታ ለሁልጊዜው ይሰጣል። ቄስ ፋንታን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ከሐምዱ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። ብቸና የአእምሮ ሕክምናው ክፍል ያለበት ግቢ ውስጥ አንዲት ቧንቧ አለች። እኔ እየታጠብኩ ነበር፤ ከኋላዬ አንድ ቀጠን ያለ፣ ኮፍያ ያደረገ ነጋዴ መጣና ቆመ። ቆየ። ጉሮሮውን ጠራረገ። በመጨረሻ «አባ፣ እኔም እኮ መታጠብ አለብኝ» አለ። ለቀቅኩለት። እሱ ገብቶ ሲታጠብ ደግሞ እኔ የታጠብኩት ተበላሸብኝና «ልድገም፣ ዞር በል» አልኩት። «እኔም ገና ሦስተኛዬ ነው!» ሲለኝ ተያየን። እጆቹ እንደ እጆቼ ተላልጠው፣ ተሰነጣጥቀው ደም አዝለዋል። ሁለታችንም ያን ዕለት እዚያው ቧንቧ ሥር እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ሐምዱ በሞጣ ገበያ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። «እኛ ወስዋስ እንለዋለን» ብሎኛል። ለሶላት ሲታጠብ ክርኑ ያልረጠበ ይመስለዋል፤ ይደግማል። ሱቁን ሲዘጋ ቁልፉ ያልዞረ ይመስለዋል፤ ይመለሳል። ሚስቱ ራዲያ የሚነካውን ሁሉ ስታጥብ ስትኖር መርሯት አንድ ጊዜ ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። ሁለታችንም ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን እንክብል ለዓመታት ውጠናል፤ እኔ ጠበል ተጠምቄያለሁ፤ እሱም በበኩሉ ቁርአን አስቀርቷል። በሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። በዚያ ጊዜ እንደ ወንድም እወደው ነበር። አንድ ገደል የገቡ ሁለት ሰዎች ምን ያጣላቸዋል? የሚያጣላው አንዱ መውጣት ሲጀምር ነው።

ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲስተር እፀገነት ሁለታችንን አንድ ላይ አስቀምጣ ስለ ጥናቱ ነገረችን። ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ግን ፊቷን ስታጠብቅ የምታስፈራ ልጅ ናት።

«ይኼ አዲሱ ክኒን ብቻውን የሚሠራ አይደለም፤ በድሮው ላይ የሚደረብ ነው» አለች። «ፍሉኦክሰቲን ላልረዳቸው ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ ልናይ ነው። ለግማሾቻችሁ እውነተኛው ይደርሳችኋል። ለግማሾቻችሁ መልኩ አንድ የሆነ፣ ውስጡ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን። ካላነጻጸርን አናውቅም።»

«ለማን የቱ እንደ ደረሰ ማን ያውቃል?» አልኳት።

«እኔም አላውቅም አባ፣ ዶክተሩም አያውቅም። ዝርዝሩ ታሽጎ አዲስ አበባ ነው ያለው። በየአራት ሳምንቱ እየመጣችሁ ነጥባችሁን እንለካለን፤ ከአርባ ነው፣ ከፍ ካለ በሽታው ከብዷል ማለት ነው። አራት ወር ነው። ሲያልቅ ባዶው የደረሰው ሰው እውነተኛውን ያገኛል። እስከዚያ ግን መለዋወጥ የለም፣ ማካፈል የለም። ፈርሙ።»

ፈረምን። የኔ ብልቃጥ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ የሐምዱ ሃያ ሁለት የሚል ተለጥፎበታል። ዕጣ መሆኑ ነው አልኩ በልቤ። ዕጣ ደግሞ ከእግዚአብሔር ነው ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። የኔ ነጥብ ሠላሳ አንድ፣ የሐምዱ ሃያ ዘጠኝ ነበር።

እንግዲህ በአራተኛው ሳምንት ነው ያ የአራት ደቂቃው ጉድ የመጣው። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን ከጎኔ ተቀምጦ እግሩን ያንቀጠቅጣል። «ምን ሆነሃል?» ስለው «አላውቅም፣ ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ እግሬ አንድ ቦታ አልቀመጥ አለኝ። ሲስተሯ አንዳንድ ሰው ላይ ያደርጋል ብላለች» አለኝ። ብታምኑም ባታምኑም ያም አስቀናኝ። እኔ ማታ ማታ ክኒኔን ውጬ አልጋዬ ላይ ቁጭ እልና እግሬን አየዋለሁ። አይንቀጠቀጥም። እንደ ቤተ ክርስቲያን ዓምድ ነው።

«ምን ታያለህ?» ትለኛለች ባለቤቴ ፈንታነሽ።

«እግሬን።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። እሱ ነው ያበገነኝ።»

ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይላል መጽሐፉ። ስለ ነቀዝ ለሌላው ስሰብክ ኖሬ የራሴ አጥንት ሲበላ ገባኝ። ሐምዱ በሄደበት ሁሉ በዓይኔ እከተለው ጀመር። ገበያ ወርጄ ከሱቁ ማዶ ቆሜ ሲዘጋ አይቻለሁ፤ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረ፣ ኪሱ ከተተ፣ ሄደ። አንድ ጊዜ! እኔ በዚያው ቀን ቤቴ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የረገጥኩትን አይቻለሁ። ራዲያም ተመልሳለች። እጆቹ ድነዋል፤ ቆዳቸው እንደ ሕፃን ቆዳ ለስልሷል። እኔ፣ ታቦት ፊት የቆምኩት፣ እጄ ይደማል፤ እሱ ጨርቅ እየለካ ዳነ። ይህን ማሰቤ ያሳፍረኛል፤ ግን አስቤዋለሁ፣ አልዋሽም።

ታኅሣሥ አሥራ አምስት ለሁለተኛው ልኬት ብቸና ወረድን። የኔ ሠላሳ። የሐምዱ አሥራ ስምንት። ሲስተር እፀገነት አዲስ ብልቃጥ ሰጠችን፤ ለእያንዳንዳችን ለአራት ሳምንት የሚበቃ። በመንገድ ላይ ሐምዱ ስለ ንግሡ ጠየቀኝ። ሁለት ወር ብቻ እንደ ቀረ፣ ቄስ ፋንታ ዜማውን ከወዲሁ እያጠና እንደ ሆነ ነገርኩት። ሐምዱ እስከ ጉንደ ወይን ድረስ በመስኮት ሲያይ ሄደ። እኔም በልቤ «ጤነኛ ሰው ምን ቸገረው» አልኩ።

ጉንደ ወይን ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ጾም ስለሆነ ምግብ ቤቱ አያጓጓኝም። ቦርሳዬን ለሐምዱ አስጠብቄ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄጄ ተሳለምኩ። አንዴ ተሳልሜ «ልብህ ሌላ ቦታ ነበር» አለኝ፤ ደገምኩ። ሦስተኛ። ሰባተኛ። ጡሩምባ ሲነፋ ሰምቼ ነው ሮጬ የመጣሁት፤ ወደ ግማሽ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። ሐምዱ ሁለቱን ቦርሳዎች ታቅፎ እንደ ተውኩት ቁጭ ብሏል። ሾፌሩ ገና ሻይ ማዘዙ ነበር፤ ጡሩምባውም የሌላ መኪና ነው።

«እንግዲያው እኔም ታጥቤ ልምጣ» አለኝ ሐምዱ። «ቦርሳዬን ይያዙልኝ።»

ይኸው ነው እንግዲህ። ድሮ ቢሆን አርባ ደቂቃ ነበረኝ፤ አሁን ግን ሰውየው ድኖ አራት ብቻ ቀረችኝ። ብልቃጡን ከቦርሳው አወጣሁ። ክኒኖቹን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ገለበጥኩ። የራሴን በእሱ ብልቃጥ ሞላሁ፤ የእሱን በራሴ። ቁጥሮቹ በቦታቸው ናቸው፤ ሃያ ሁለትን ወደ ቦርሳው፣ አሥራ ሰባትን ወደ ቦርሳዬ። አንዲት ክኒን አልወደቀችም። መውደቋን ለማየትም አልተንበረከክሁም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ሠርቼ ያልደገምኩት፣ «በትክክል ሠርተሃል ወይ?» ብሎ ሐሳቤ ያልጠየቀኝ ነገር ቢኖር ያ ስርቆት ነው።

ሐምዱ መጣ። አመሰገነኝ። መስገጃውን አውጥቶ ሰገደ። እኔ በሰው ፊት ዳዊት ገለጥኩ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀኖች ጥሩ ነበሩ። እግሬ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ፈንታነሽን ጠርቼ «እይ፣ አልተንቀጠቀጠም?» አልኳት። «በርዶህ ነው» አለችኝ። እጄን መታጠቤን ከሃያ ወደ አሥራ ሁለት ጊዜ አወረድኩ። ለገና ዋዜማ ውዳሴ ማርያምን አንድ ጊዜ ብቻ ደረስኩና በደስታ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ እንዲያውም በሰረቅኩት ላይ ተደርቦ ባሰ። ክኒኑን ስውጥ «ሌባ» እላለሁ፤ «ሌባ» ያልኩበትን አፍ ልታጠብ እሄዳለሁ።

የሐምዱ ስልክ ደግሞ አላስቀምጥ አለኝ። በየሁለት ቀኑ ይደውላል። «አባ፣ እንዴት ነዎት? ተሻለዎት?» ይላል። ድምፁ ውስጥ አንድ የሚጣደፍ ነገር አለ።

«ትንሽ» እለዋለሁ።

«እጅዎስ? ጸሎቱስ? ለየካቲት ይደርሳሉ፣ አይደል?»

እንዲህ ያለ ጉራ አይቼ አላውቅም አልኩ። መዳኑ ሳይበቃው የኔን ቁስል እየነካካ ሊስቅ! አንድ ቀን «አንተስ?» ብዬ በጥርሴ ጠየቅሁት። የጠበቅሁትን ልንገራችሁ፤ «ተመለሰብኝ» እንዲለኝ ነው የጠበቅሁት። ክኒኑ እኔ ዘንድ አይደል እንዴ?

«እኔማ ወላሂ አባ፣ ለራሴ ገርሞኛል» አለ። «ይመለስብኛል ብዬ ነበር። አላህ አሁንም ከፍ እያደረገኝ ነው።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ሲወርድ ከኋላ ከሕዝቡ ጋር ሄድኩ፤ ቄስ ፋንታ ከፊት ነበር። በማግሥቱ ማግሥት ጥር አሥራ ሦስት ብቸና ነበርን። ሲስተር እፀገነት ወረቀቷን ገልብጣ «ሠላሳ አንድ ነው አባ፣ አይዞዎት» አለችኝ። ከተነሣሁበት አንድም አልወረድኩ። ሐምዱ አሥራ ሁለት። ወጥቶ ቁጥሬን ሲጠይቀኝ ነገርኩት፤ ፊቱ ጠቆረ። ጉንደ ወይን ስንደርስ ከምግብ ቤቱ በረንዳ ተቀመጥን፤ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

«እንዴት አይሻልዎትም?» አለኝ። «እንዴት ነው ነገሩ? በትክክል ይወስዱታል? በየቀኑ?»

የቋጠርኩት ሁሉ ፈነዳ። ንስሐ ገብቼ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን በንዴት ነው የተናዘዝኩት።

«ምን አለህ አንተ ሰው?» ጮኽኩበት። «ምን ያለ ዕድል ነው ያለህ? ክኒንህን ወስጄብህ እንኳ አንተ ትድናለህ! የሰረቅኩህ እኔ እበሰብሳለሁ! የማልችለው አምላክህን ነው ወይስ ምንህን ነው?»

ሻይ ይጠጡ የነበሩት ሰዎች ዞሩ። ሐምዱ እጁን ከትከሻዬ አላነሣም።

«መቼ ነው የወሰዱብኝ?»

«ታኅሣሥ። እዚሁ። ስትታጠብ የኔን በአንተ ብልቃጥ፣ ያንተን በኔ ገለበጥኩ።»

«ልታጠብ የሄድኩት…» አለ ቀስ ብሎ፣ «እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ከተመለሱ በኋላ ነው።»

«አዎን። ምን ለውጥ አለው?»

ሐምዱ እጁን አነሣና ፊቱን ሸፈነበት። የሚስቅ መሰለኝ። ሲገልጠው ግን ዓይኑ ቀልቷል።

«አባ፣ እኔ እኮ ሰጥቼዎት ነበር።»

«ምን?»

«እርስዎ ሲሳለሙ። ብዙ እንደሚቆዩ አውቃለሁ። የእኔን በእርስዎ ብልቃጥ ሞላሁ፣ የእርስዎን በኔ። ሱቄን መክፈት ችያለሁ፣ ራዲያ ተመልሳለች፤ ጥቂት ጊዜ ቢመለስብኝ እችለዋለሁ አልኩ። የእርስዎ ግን ቀን አለው። የካቲት አሥራ ስድስት እንዲደርሱ ብዬ ነው።» አፍንጫውን ጠረገ። «ልነግርዎት ፈራሁ። ቢያውቁ ኃጢአት ነው ብለው ሲሰግዱ ያድራሉ። ለዚህ ነው በየሁለት ቀኑ ስደውል የነበረው።»

ከዚያ ነገሩን እንደ ልማዴ ደጋግሜ አሰላሁት፤ እሱ እውነተኛውን ወደ እኔ፣ ባዶውን ወደ ራሱ አዛወረ። እኔ መጥቼ እውነተኛውን ወደ እሱ መለስኩና የራሴን ባዶ ሰርቄ ሄድኩ። ደግሜ አሰላሁት፤ ያው ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። መድኃኒቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዝም ብዬ ዳዊቴን ባነብ ኖሮ ድኜ ነበር።

ይቅርታ ልለው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ያን ሰዓት የተሰማኝ ሌላ ነው። እንደገና ቀናሁበት። አሁን በጤናው አይደለም። ሁለታችንም በዚያች በረንዳ ላይ አንድ ዓይነት ብልቃጥ ይዘን፣ እሱ ሊሰጥ፣ እኔ ቄሱ ልሰርቅ እጃችንን መስደዳችን ነው ያንገበገበኝ።

«ገና አራት ሳምንት አለ» አለ ሐምዱ፤ ብልቃጡን አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። «አሁን እንለዋወጥ። ከዛሬ ቢጀምሩ ለንግሡ ይደርሳሉ።»

አዎን ልል አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። መቅደሱ ታየኝ፤ ሕዝቡ፣ ከበሮው፣ የእጣኑ ማዕጠንት በእጄ። ከዚያ ብልቃጡን የያዘውን የሐምዱን እጅ አየሁ። ያን ዕለት ቧንቧው ሥር ደም ያዘለው እጅ ነው። አሁን አንድም ስንጥቅ የለበትም።

«መልሰው» አልኩት። «መልሰው፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ።»

የካቲት አሥራ አንድ የጥናቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። ሐምዱን ውጭ አስቀምጬ ለሲስተር እፀገነት ሁሉን ነገርኳት። ፊቷ ጠበቀ። ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ሁለታችሁም ፈርማችሁ ነበር» አለች። «መጻፍ አለብኝ፣ ለዋናው ተመራማሪ ይደርሳል። እንደምትሉት ከሆነ ሁለታችሁም የዋጣችሁት የራሳችሁን ነው። ግን ያንን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።» ብዙ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ «አባ፣ ለምን ለእኔ አልነገሩኝም? ቅናትም እኮ ይወራል» አለችኝ። ይህን የምትለኝ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። ዝርዝሩ የሚከፈተው መጋቢት ላይ እንደሆነ፣ እውነተኛውንም ከዚያ በፊት ማንም እንደማያገኝ ነገረችኝ።

በአምስተኛው ቀን ንግሡ ሆነ። ቄስ ፋንታ ቀደሰ። ድምፁ መልካም ነው፤ ከኔም ይሻላል። እጁን አንድ ጊዜ ታጠበ። ሕዝቡ በሰዓቱ ወጣ፣ ሕፃን አላለቀሰም። አለቃ የኔሰው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው መስቀሌን ተሳለሙ። ከቅጽሩ ውጭ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ሐምዱን አየሁት። ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ማን እንደ ቀደሰ ከዚያ ሆኖ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ በር ላይ የቆመውን ቄስ ይፈልጋል። እኔ መሆኔን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

መጋቢት ላይ ተጠራን። አሥራ ሰባት ባዶ ነበር፣ ሃያ ሁለት እውነተኛ። ሲስተር እፀገነት ቁጥር የሌለው አዲስ ብልቃጥ ሰጠችኝ። «አሁን የእርስዎ ነው» አለችኝ። ሐምዱ የራሱን ሊቀጥል ሌላ ተቀበለ። ነጥቤ ሠላሳ አንድ ነው፤ እንግዲህ ከዚህ ወዲያ የሚሆነውን እናያለን። ቢሻለኝም ተራዬ ተመልሶ የኔ አይሆንም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ጉንደ ወይን ቆመ። እዚያችው በረንዳ ላይ፣ እዚያችው ወንበር ላይ ተቀመጥን። የቀትሩ የዙህር ሶላት ደረሰ። ሐምዱ ተነሣ፤ ቦርሳውን ብልቃጡ እንዳለበት ጉልበቴ ላይ አስቀመጠ።

«አባ፣ ይጠብቁልኝ» አለና ሄደ።

ጓሮው ጋ ሲደርስ ዞሮ ያያል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ብሆን ዞሬ አይ ነበር። ሰባት ጊዜ። እሱ አልዞረም። ሁለት እጆቼን ቦርሳው ላይ ጭኜ፣ እየቀናሁበት፣ አራቱን ደቂቃ ሙሉ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ።